«ምንም አይሠራም» የተባለው መብራቴ

ዛሬም ሄጄ ነበር። አዎ፣ እዚያው ሱቅ። «ተዪው፣ አትሂጂ» ያላችሁኝ ሁሉ ልክ ነበራችሁ። ግን በእጄ የሠራኋቸውን ስድስት የልጆች ማስተኛ መብራቶች ይሸጡልኝ ብዬ እዚያ ካስቀመጥኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ስደውል አይነሳም። እና ከሥራ ስወጣ በእግሬ ሄድኩ። አንዱ እንኳ ተሸጦ ይሆናል ብዬ ልቤ እየመታ ነው የገባሁት።

ስድስቱም መደርደሪያው ሥር ናቸው። ከነካርቶናቸው። ላያቸው ላይ የመወልወያ ባልዲ ተቀምጦባቸዋል። ባልዲ! ከታች ያሉት ሁለት ካርቶኖች ረጥበዋል።

«ጋሼ፣ እንዴት ዋሉ? ሰው ጠየቀዎት?» አልኩ።

«አይ አንቺ! ይሄ ዕቃሽ እኮ ምንም አይሠራም።»

ደነገጥኩ። «ተበላሸ እንዴ?»

«አልተበላሸም። ምንም አያደርግም ነው የምልሽ። አይዘፍን፣ አይሽከረከር፣ ኮከብ አያወጣ። በዚያ ላይ በራሱ ጊዜ ይጠፋል። ሰው ተበላሽቷል ብሎ ይመልስብኛል።»

እንዲጠፋ ነው እኮ የሠራሁት! ስምንት ወር የለፋሁት እንዲጠፋ ነው! 30 ደቂቃ ይበራል። የመጨረሻዎቹን 10 ደቂቃዎች ቀስ እያለ ይደበዝዛል። ከዚያ ይጨልማል። ልጁ መብራት ሲጠፋ እንዳይደነግጥ፣ እናትም «አጥፊው፣ አላጠፋም» ከሚል ጭቅጭቅ እንድትገላገል። ይሄ ብልሽት አይደለም። ሥራው ይሄ ነው።

ይህን ላስረዳ ስጀምር ሰውዬው ከመስታወቱ ውስጥ አንዱን ከውጭ የመጣ ዕቃ አወጡና ጠቅ አደረጉት። ጣሪያው ሰማያዊና አረንጓዴ ሆነ። ኮከቡ ይዞራል። ዘፈኑ ጆሮ ይበሳል። «አየሽ? ልጅ የሚወደው እንዲህ ነው!» አሉኝ።

ልጅ እንደሚወደውማ አውቃለሁ! ስለሚወደው እኮ ነው የማይተኛው! አራት ዓመት ልጅ ጣሪያው ላይ ዲስኮ እያየ ለምን ዓይኑን ይጨፍናል? እኔ ራሴ አልጨፍንም።

እስቲ ይሄን ልናገረው፣ እዚያ መናገር ስላልቻልኩ። በፈረንጆቹ 2018 አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ፣ ከ3 እስከ 5 ዓመት ባሉ 10 ልጆች ላይ ጥናት ተሠርቶ ነበር። ከመኝታ በፊት ለአንድ ሰዓት ደማቅ መብራት ላይ አቆዩአቸው። ሜላቶኒን የሚባለው፣ ለሰውነት «መሽቷል፣ ተኛ» የሚለው ሆርሞን፣ 88 በመቶ ወረደ። መብራቱ ከጠፋ ከ50 ደቂቃ በኋላም አብዛኞቹ ላይ አልተመለሰም። በ2022 ደግሞ ደብዛዛ የምንለውን መብራት ሞከሩ። ከ5 እስከ 40 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ ነው) ብቻ። እሱም በአማካይ 78 በመቶ አወረደው። የልጅ ዓይን ከእኛ ይልቅ ብርሃን በደንብ ያስገባል። ለዚህ ነው መብራቴን ቅል ውስጥ የከተትኩት። ለዚህ ነው ቀዳዳዎቹ ወደ ግድግዳ የዞሩት። ለዚህ ነው አምፖሉ ወደ ቀይ የሚያደላ ብርቱካንማ የሆነው። ሰማያዊው ብርሃን ነው ዋናው እንቅልፍ አባራሪ። አምፖሉን ፍለጋ መርካቶን ስንት ቀን እንደዞርኩት ታውቃላችሁ። «ቢጫ ሁሉ አንድ ነው እህቴ» እያሉ ስንቱን ነጭ አምፖል አሸክመውኛል!

የሚያናድደኝ ሌላው ነገር እኛ አገር መሆናችን ነው። ሰሜን ስዊድን አይደለንም፣ በክረምት ከሰዓት የሚጨልምበት፣ በበጋ እስከ እኩለ ሌሊት ፀሐይ የሚታይበት። አዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ይመሻል። ጨለማው በሰዓቱ፣ በነፃ ይመጣል። እኛ ግን ሳሎን ውስጥ ነጭ አምፖል፣ ግድግዳ ሙሉ ቴሌቪዥን፣ ልጁ እጅ ላይ ስልክ። ከዚያ በ4 ሰዓት «ይሄ ልጅ ምን ሆኖ ነው የማይተኛው?» እንላለን። የልጆች ሰርቪስ ጠዋት 12 ሰዓት ከ40 በር ላይ ነው! የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው መመሪያ የ3 እና የ4 ዓመት ልጅ በቀን ከ10 እስከ 13 ሰዓት መተኛት አለበት። ሒሳቡን ሥሩት። 12 ሰዓት የምትነሳ ልጅ ማታ 2 ሰዓት ከተኛች ገና 10 ነው። 4 ሰዓት ከተኛች 8። ትምህርት ቤት ደግሞ ቀን አያስተኟቸውም። የእኔዋ ሚሚ ሰርቪስ ውስጥ እንቅልፍ ጥሏት በመስኮቱ ስትመታ ግንባሯ አብጦ መጥቷል። መብራቱን የጀመርኩት በዚያ ሳምንት ነው።

ወደ ሱቁ ልመለስ። ረዳቱ ልጅ ከውስጥ ሆኖ ምን አለ መሰላችሁ? «እኛን እኮ አያ ጅቦ መጣ እያሉ ነው ያስተኙን። በነፃ!» ሁሉም ሳቁ። ዕቃ ልትገዛ የቆመች፣ ልጅ ያቀፈች ሴትዮ ሳትቀር ሳቀች። የእሷ ሳቅ ነው ያቃጠለኝ።

እኔም በአያ ጅቦ ነው ያደግኩት። ጋቢ ተከናንቤ፣ ትንፋሼን ውጬ፣ በሩ ሲንሿሿ እየሰማሁ። ያ እንቅልፍ አልነበረም። መደበቅ ነበር። ልጅ ፈርቶ ዝም ሲል ተኛ እንላለን። ዝም ማለትና መተኛት አንድ አይደሉም።

«እሹሩሩ አለልሽ አይደል፣ መብራት ምን ያደርጋል?» የምትሉኝም አላችሁ፣ ቤተሰቤ ውስጥም አላችሁ። እሹሩሩን ማን ናቀ? እኔ ሁሉንም የተማርኩት ከአያቴ ነው። በአንቀልባ ታዝላለች። የጀርባዋ ሙቀት አለ። ነጠላው ከላይ ጣል ይደረግና ይጨልማል። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው፣ ያንኑ ይደጋግማል። እርምጃዋ አይቸኩልም። ማታ ማታ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ዓይነት። ከዚያ የተሻለ ማስተኛ ማን ሠራ? በ2009 የታተመ አንድ ጥናት 405 እናቶችን ከልጆቻቸው ጋር ተከታትሎ ነበር። በየማታው ያንኑ ነገር በዚያው ቅደም ተከተል፣ ማጠብ፣ ማሸት፣ ጸጥ ያለ ጨዋታ፣ ከዚያ መኝታ፣ የተደረገላቸው ልጆች ቶሎ ተኙ፣ ሌሊት መንቃታቸውም ቀነሰ። አያቴ ይህን ያወቀችው ጥናት ሳታነብ ነው። እኔ መብራቱ ላይ የሞከርኩት የእሷን ዝግታ ነው። ዛሬ ግን አያት ገጠር ናት፣ እናት 1 ሰዓት ላይ ገና ታክሲ ሰልፍ ላይ ናት፣ ሞግዚቷ ደክሟታል። ታዲያ የሚያግዝ ዕቃ መሥራት ምኑ ነው የሚያስቀው?

በዚህ ብቻ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ሰውዬው ባትሪ መክፈቻውን አዩት። «ይሄ ደግሞ ብሎን አለው! ማን ካቻቪቴ ይፈልጋል?» አሉ። የእሳቸው ባለኮከብ ሪሞት በጥፍር ይከፈታል። ውስጡ ያቺ ሳንቲም የምታክል ክብ ባትሪ አለች። ልጅ ከዋጣት በ2 ሰዓት ጊዜ ውስጥ የምግብ ቧንቧውን ክፉኛ ልታቃጥል ትችላለች። እያወቅኩ እንዴት ያለ ብሎን ልሥራ? ይህንንም ልነግራቸው ስል ደንበኛ መጣ። ጀርባቸውን ሰጡኝ።

የድምፁን ነገር አልረሳሁትም። በ2014 የቶሮንቶ ተመራማሪዎች ለሕፃናት ማስተኛ የሚሸጡ 14 የድምፅ ማሽኖችን ለክተው ነበር። በ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ሦስቱ ከ85 ዴሲቤል በላይ ይጮኻሉ። ፋብሪካ ውስጥ ለሚሠራ አዋቂ እንኳ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው መጠን ነው። የእኛ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ደግሞ ታች ያለው ግሮሰሪ እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ይጮኻል። ስንት ጊዜ ነገርናቸው? ስንት ጊዜ ፈርመን አስገባን?

ብድር የጠየቅኩበት ቤትም እንዲሁ ነው። ቅጹ ላይ «የምርቱ ዓይነት» ይላል። ልጅቷ «መጫወቻ ልበለው?» አለች። «መጫወቻ አይደለም፣ ጨዋታ የሚያስቆም ነው» አልኳት። «እንደዚያ የሚባል የለንም» አለችና መጫወቻ ብላ ጻፈች። ከዚያ የመጫወቻ ገበያ ጥናት አምጪ ተባልኩ።

ሌላው ትራስ ነው። በየቀኑ መልእክት ይመጣልኛል። «ለጨቅላ ትራስ ትሠሪያለሽ? ከበድ ያለ ብርድ ልብስ አለሽ?» አልሠራም! ለጨቅላ አልሠራም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2022 መመሪያውን ሲያድስ በግልጽ ጽፎታል። ሕፃን በጀርባው፣ ጠንከር ባለና ዝርግ በሆነ ፍራሽ ላይ፣ አጠገቡ ትራስ ሳይኖር፣ ክብደት ያለው ብርድ ልብስ ሳይደረግበት ይተኛ ይላል። በዚያው ዓመት አገራቸው ያጋደሉ የሕፃን መኝታዎችን ሽያጭ በሕግ ከልክላለች፣ ልጆች ሞተውባቸው። ይህን ስመልስ «አንቺ ሐኪም ነሽ?» ይሉኛል። አይደለሁም። እናት ነኝ፣ አንብቤያለሁ፣ ገንዘባችሁን ብፈልግም ልጃችሁ ላይ አልፈርድም።

መጨረሻ ላይ ምን ተባልኩ? «ለመሆኑ ባልሽ ነው የሠራልሽ?» እጄ ላይ ያለውን የሶልደር (የሽቦ ብየዳ) ጠባሳ አየሁት። አልመለስኩም። ቀጠሉ። «ሰማያዊ አድርጊበት፣ ዘፈን ጨምሪበት፣ መጥፋቱን ተዪው፣ 50 ፍሬ እወስድልሻለሁ። ያውም በጥሬ ብር።»

ሃምሳ። የቤት ኪራይ በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ታክሲ ውስጥ ሃምሳን ሳባዛ መጣሁ፣ አልዋሽም። ደክሞኛል። «አስብበታለሁ» ብዬ ነው የወጣሁት፣ ያ ቃል ነው አሁን ድረስ የሚያንገበግበኝ። ለምን «አላደርገውም» አላልኩም?

ቤት ስገባ 2 ሰዓት ከሩብ ነበር። ሚሚ ገላዋን ታጥባ ጋደም ብላለች። መብራቱን ራሷ ነካችው። ስለ አንዲት ጥንቸል ጀመርኩላት። ቅሉ መደብዘዝ ሲጀምር ድምፄን ዝቅ አደረግኩ። ጥንቸሏ ወንዙ ጋ ሳትደርስ ሚሚ ተኝታለች።

አላደርገውም። ሰማያዊ አላደርግበትም።

ነገ 3 ሰዓት ላይ ሄጄ ስድስቱንም አነሳለሁ። ደረቅ ካርቶን ያላችሁ ንገሩኝ፣ የታችኞቹ ሁለቱ በባልዲው ውኃ ተበላሽተዋል።