እርማት፦ የስኮትላንድ ፓርላማ የፌዴራል ግዛት ምክር ቤት አይደለም

«ስኮትላንድ እንደ ፌዴራል ግዛት ናት፤ ለንደን በሥልጣኗ ጣልቃ መግባት አይችልም» የሚለው ሐሳብ በብዙዎች ዘንድ የተለመደ ቢሆንም ትክክል አይደለም። በፌዴራል ሥርዓት የሥልጣን ክፍፍሉን የሚያረጋግጠው ሕገ መንግሥት ነው። የኤድንበራ፣ ማለትም በዚያ ከተማ የሚቀመጠው የስኮትላንድ ፓርላማ፣ ሥልጣን ግን የተገኘው የለንደን (የዩናይትድ ኪንግደም) ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ1998 ካወጣው የስኮትላንድ ሕግ ነው። የዚሁ ሕግ አንቀጽ 28(7) የለንደን ፓርላማ ለስኮትላንድ ሕግ የማውጣት ሥልጣኑ እንደማይነካ በግልጽ ይደነግጋል። በተለምዶ የኤድንበራን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ነገር ግን የዩናይትድ ኪንግደም ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 ይህ ልማድ ፖለቲካዊ እንጂ በፍርድ ቤት የሚያስገድድ እንዳልሆነ ወስኗል።

ሌላው ስህተት፣ ሕጉ ለኤድንበራ የተሰጡትን ሥልጣኖች ይዘረዝራል ማለት ነው። በተቃራኒው የሚዘረዝረው ለለንደን የተያዙትን ነው፦ መከላከያ፣ የውጭ ጉዳይ፣ ኢሚግሬሽን፣ የመገበያያ ገንዘብ። ያልተዘረዘረው ሁሉ የኤድንበራ ነው፤ ጤና፣ ትምህርትና ፖሊስ በዚህ ውስጥ ይገባሉ። ስለዚህ የሆስፒታል ወረፋን አቤቱታ ለስኮትላንድ ፓርላማ አባል፣ የቪዛን ደግሞ ለለንደኑ ተወካይ ማቅረብ ይገባል። ግብር ላይ ነገሩ ይወሳሰባል፦ የደመወዝ ገቢ ግብር መጣኔንና እርከንን ኤድንበራ ሲወስን፣ ከግብር ነፃ የሆነውን መነሻ የሚወስነው ለንደን ነው።

አንድ ረቂቅ ሕግ በስኮትላንድ ፓርላማ በሦስት ደረጃ ታይቶ ከጸደቀ በኋላም ወዲያው ሕግ አይሆንም። በአራት ሳምንት ውስጥ የሕግ ሹማምንት (የመንግሥት ከፍተኛ የሕግ አማካሪዎች) ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሊመሩት፣ የለንደን ሚኒስትርም በስኮትላንድ ሕግ አንቀጽ 35 ሊያግዱት ይችላሉ። ይህ አንቀጽ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2023 በጾታ እውቅና ረቂቁ ላይ ነው፤ ይህም ሰዎች ጾታቸውን በሕግ ማስለወጥን የሚያቀልል ረቂቅ ነበር።