የሃያ ብር ጧፍ

ታኅሣሥ 19 ቀን፣ ገና ጎሕ ሳይቀድ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ ከእናቴ ጋር ከግቢ ስወጣ የጎረቤታችን የቤት ሠራተኛ በራቸው ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። በእጇ አራት ቦታ የታጠፈ ሃያ ብር ይዛለች። «እትዬ፣ ገብርኤል ሲደርሱ ለእኔም ጧፍ ያብሩልኝ» አለችኝ። «ለምን አብረሽን አትሄጂም?» ስላት ወደ ውስጥ ዘወር ብላ አየችና «ዛሬ እንግዳ አለብን፤ አልተፈቀደልኝም» ብላ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

ሐዋሳ ላደገ ሰው ታኅሣሥ 19 ምን ማለት እንደ ሆነ አይነገረውም። ከየአገሩ የመጣው ምእመን ከዋዜማው ጀምሮ ከተማዋን ይሞላታል። ወደ ፍቅር ሐይቅ የሚወርደው ጎዳና ነጭ በነጭ ይሆናል። ሮም በኖርኩባቸው 14 ዓመታት ይህንን ቀን ያላሰብኩበት ዓመት የለም። እዚያ በተውሶ ሕንፃ ውስጥ ነው የምናስቀድሰው፤ ቅዳሴው ሳያልቅ ሰዓት ማየት እንጀምራለን። እዚህ ግን ሰዓት የሚያይ የለም። እናቴ የእኔ ወረቀት እንዲወጣ ተስላ የነበረውን ጥላ ያን ዕለት አስገባች፤ እኔም በእልልታው መካከል ቆሜ አለቀስኩ።

ሰባኪው ስለ ሠለስቱ ደቂቅ አስተማረ። አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል ተማርከው በባዕድ ንጉሥ ቤት የሚያገለግሉ ወጣቶች እንደ ነበሩ፣ መልአኩም ወደሚነደው እቶን የወረደው ለእነርሱ እንደ ሆነ ሲናገር እጄ ውስጥ ያለችው ሃያ ብር ከበደችኝ። የሰው ቤት አገልጋዮች ነበሩ። በዓሉ የእነርሱ ነው። ጎረቤታችን ያለችው አገልጋይ ግን ቤት ቀርታለች።

ጧፏን አበራሁላት። መንገዱን ሁሉ ግን በንዴት ነው የተመለስኩት። ጎረቤቶቻችን የወንጌላውያን አማኞች ናቸው። ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ አባቴ ያረፈ ጊዜ ድንኳናችን ውስጥ ከዘመድ ቀድመው የተገኙት እነርሱ ነበሩ። ቢሆንም «እንዴት የሰውን ልጅ በዓሏን ይከለክሏታል? የእነርሱን እሁድ ማንም አልነካባቸው!» እያልኩ ለእናቴ ሳማርር እናቴም «ግፍ ነው ልጄ፣ ግፍ ነው» እያለች አብራኝ ተቆጣች።

በር አንኳኳን። የእኛዋ ሠራተኛ ልጅ ሮጣ ከፈተችልን። ግቢው ተጠርጓል፤ ቄጠማው ተጎዝጉዟል፤ ከሰሉ ፍም ሆኗል፤ ሽሮው እየተንተከተከ ነው። ከተቀመጥን በኋላ ውኃ ይዛ መጥታ እጃችንን አስታጠበችን። እኔም ታጠብኩ። ንዴቴን እንደ ያዝኩ ታጠብኩ!

ልጅቷ የመጣችው ከወላይታ ነው። የወላጆቿ ቤተ ክርስቲያን ቃለ ሕይወት እንደ ሆነች የሰማሁት ያን ዕለት ማታ ወጥ ቤት ገብቼ ሳዋራት ነው። ቤት ከገባሁ ሦስት ሳምንት ሆኖኝ ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ የሠራችውን በልቼ፣ ያጠበችውን ለብሼ፣ እሁድ ወዴት እንደምትሄድ አልጠየቅኳትም። ስጠይቃት መልሷ አጭር ነበር፦ «እሁድ እንግዳ ይበዛል እትዬ።» ሐዋሳ ከመጣች ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ አምልኮ የሄደችው ለገና እና ለፋሲካ ብቻ ነው። ረቡዕና ዓርብ ግን ማንም ሳያዛት ከእኛ ጋር ትጾማለች፤ ቤቱ ውስጥ ሌላ ምግብ የለማ።

የሚቀጥለው እሁድ ምሳ ላይ አጎቴና የአጎቴ ልጆች መጡ። ጾመ ነቢያት ነበርና ሐዋሳ ላይ በየጾሙ የሚነሣው ክርክር ተነሣ፦ ዓሣ ይበላል ወይስ አይበላም? አንዱ አባቶችን ጠቀሰ፣ ሌላው የሐይቅ ዳር ሰው ልማድ ነው አለ፣ ድምፅ ከፍ ከፍ አለ። ከግማሽ ሰዓት በላይ ፈጀ። ልጅቷ እንጀራ እየጨመረች፣ ውኃ እያመላለሰች ቆማለች። በዚያ ማዕድ ዙሪያ ስለ ዓሣ እንደዚያ የተጨነቅን ክርስቲያኖች ስለ ልጅቷ እሁድ አንዲት ደቂቃ አልተጨነቅንም። ያ ክርክር እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

እኔ ይህ ነገር ለምን እንደ ወጋኝ አውቃለሁ። ሮም እንደ ገባሁ የተቀጠርኩት አንዲት የ80 ዓመት አሮጊት ቤት፣ እዚያው እያደርኩ እንድንከባከባት ነበር። ሲኞራ ነበር የምላት። እግዚአብሔር የለም የምትል ሴት ናት፤ አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ እያየች «ይህ ክር ምን ያደርግልሻል?» ትለኝ ነበር። ስኳር ሳይቀር ትቆጥራለች። ዘጠኝ ዓመት አብሬያት ኖሬ የእናቴን ስም አንድ ቀን አልጠየቀችኝም። ደግ ነበረች ብዬ ላስወራላት አልችልም።

የመጀመሪያዋ እሁድ ግን ማለዳ ተነሥቼ ቡና ሳፈላላት በቁጣ አየችኝ። «ዛሬ እሁድ ነው፤ ውጪ!» አለችኝ። መሄጃ እንደሌለኝ፣ ከተማውን እንደማላውቀው በተሰባበረ ጣሊያንኛ ነገርኳት። «የት እንደምትሄጂ የእኔ ጉዳይ አይደለም፤ እሁድ የአንቺ ነው» ብላ በሩን አሳየችኝ። ያባረረችኝ መስሎኝ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ተቀምጬ ስነፈርቅ አንዲት የአገሬ ልጅ አግኝታኝ ቤተ ክርስቲያን ወሰደችኝ። ሮም ውስጥ መጀመሪያ ያስቀደስኩት በዚያች እግዚአብሔር የለም በምትል ሴት ምክንያት ነው።

በኋላ ነገሩ ገባኝ። በጣሊያን የቤት ሠራተኞች የጋራ ውል አሠሪዋ ቤት የምታድር ሠራተኛ በሳምንት ከ54 ሰዓት በላይ አትሠራም፤ በሳምንት 36 ሰዓት ታርፋለች፤ 24ቱ እሁድ ነው። የቀረው 12 ሰዓት በሌላ ቀን ይሰጣል፤ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መውጣት የቆየ ልማድ ነው። ሃይማኖቷ ሌላ ቀን የሚያከብር ከሆነ እንኳ እሁድን በዚያ ቀን ለመለወጥ መስማማት እንደሚቻል ውሉ ላይ ተጽፏል። ይህን ሳነብ ያሰብኩት አገሬን ነበር። የእኛ የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የቤት ሠራተኛዋን ጉዳይ ሌላ ደንብ እንዲወጣለት ትቶታል።

ደንብ ባይኖርስ! እኛ ክርስቲያኖች ሕግ አጥተን ነው? በዘዳግም ምዕራፍ 5 ሰንበትን ጠብቅ የሚለው ትእዛዝ ሎሌና ገረድ በግልጽ ተጠርተውበታል፤ እንደ አንተ ይረፉ ይላል። ወዲያው ቀጥሎ አንተም በግብፅ አገር ባሪያ እንደ ነበርህ አስብ ይላል። እኔ ያንን ቃል ሳነብ ግብፅን ሳይሆን የሲኞራን ወጥ ቤት ነው የማየው። ስንት ቤት አለ በሐዋሳ፣ ልጁ ወይም እህቱ ሮም፣ ቤይሩት፣ ዱባይ ሰው ቤት ሠርታ በላከችው ገንዘብ የቆመ! የእኛም ቤት ሳሎን እኔ የአሮጊት ገላ አጥቤ ነው የተሠራው። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ ላይ የቤይሩት አሠሪዎች እህቶቻችንን እንደ ዕቃ ጭነው ቆንስላችን በር ላይ ጥለዋቸው ሲሄዱ እናቴ ምስሉን አይታ ሁለት ቀን እህል አልበላም ብላ ነበር። ያች ልቧ የሚራራ እናቴ ናት የዚህችን ልጅ እሁድ የያዘችው።

እናቴን አታውቋትምና አትፍረዱባት። ልጅቷን የማታ ትምህርት አስመዝግባታለች። ታማ በነበረ ጊዜ ሌሊት ሐኪም ቤት ያደረችው እናቴ ናት። ጉዳዩን ሳነሣባት ሃይማኖት ምክንያት አድርጋ ትከራከረኛለች ብዬ ነበር፤ አላደረገችውም። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ምሳውን ማን ይሠራዋል?» ቀጥላም ሁላችንም የምንለውን አለች፦ «እኔ እኮ እንደ ልጄ ነው የማያት።»

ይህቺ «እንደ ልጄ» የምትባል ቃል ናት የምታናድደኝ። ልጅሽማ እኔ ነኝ! እኔ ዛሬ ደክሞኛል ብዬ እተኛለሁ፤ ይህን አልበላም እላለሁ፤ አኩርፌ ከቤት ወጥቼ ማታ ብመለስ ራቴ ተከድኖ ይጠብቀኛል። እርሷ የትኛውን ታደርጋለች? እንደ ልጅ ትወደዳለች፣ እንደ ልጅ ትቆጣለች፤ እንደ ልጅ እምቢ ማለት ግን አልተፈቀደላትም። ልጅ ከሆነች ማዕዱ ላይ ትቀመጥ። ሠራተኛ ከሆነች የዕረፍት ቀኗ ይሰጣት። ከሁለቱም የሚጎዳውን መርጠን ሰጥተን ስሙን ፍቅር አልነው። ሲኞራ እንደ ልጄ ብላኝ አታውቅም፤ እሁዴን ግን አንድ ቀን አልወሰደችብኝም።

በጸሎተ ሐሙስ ካህናቱ የምእመናንን እግር ሲያጥቡ እናለቅሳለን። ማታ ቤታችን ገብተን ደግሞ ጫማችንን ለልጅቷ ትተንላት እንተኛለን። እኔም ትቼ ተኝቻለሁ።

ከመመለሴ በፊት ባለው እሁድ «ምሳውን እኔ እሠራለሁ፤ እርሷ ትሂድ» አልኩ። እናቴ ዝም አለች። ልጅቷ መጀመሪያ አላመነችም፤ ከዚያ ሰርቪስ ገብታ ታጥባ፣ ያን ጊዜ ድረስ አይቼው የማላውቀውን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ ወጣች። ጎመኑን ስከትፍ፣ ሽንኩርት ሲያስለቅሰኝ፣ አጎቴ «ልጅቷ የት ሄደች?» ብሎ ሲጠይቅ «ቤተ ክርስቲያን» አልኩት። «የትኛው?» አለኝ። «የራሷ» አልኩት። እንጀራው አነሰ፤ ሽሮው ትንሽ አረረ፤ ማንም አልሞተም። ከሰዓት ስትመለስ ፊቷ በርቶ ነበር። ቀሚሱን እንኳ ሳትቀይር መጥታ ማማሰያውን ከእጄ ልትቀማኝ ታገለችኝ። እናቴ ሁሉንም ከበረንዳ ሆና ስታይ ነበር። ማታ ወደ መኝታዋ ስትሄድ «እሺ፣ በየአሥራ አምስት ቀኑ ትሂድ» አለችኝ።

ለጎረቤታችንም ሠራተኛ ነገሩን ላነሣላት አስቤ ነበር፤ አፌን አልሞላልኝም። መጀመሪያ የራሴ ቤት ይጽና ብዬ ተውኩት።

አሁን ሮም ነኝ። እሁድ ከቅዳሴ ስወጣ እደውላለሁ። ባለፈው እናቴ ገና ስልኩን ስታነሣ፣ ሳልጠይቃት፣ ደስ እያላት «ሄዳለች ልጄ፣ ዛሬ ሄዳለች» አለችኝ።

«በስንት ሰዓት ሄደች እማዬ?»

«ምሳ ሠርታ፣ ዕቃ ካጠበች በኋላ ነዋ።»

የእነርሱ አምልኮ የሚጀምረው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው።