ባለ 4 ኦም ስፒከር ባለ 8 ኦም አምፕ ላይ፦ ይቻላል ወይስ አይቻልም?

የአምፕሊፋየሩ ጀርባ «ቢያንስ 8 ኦም» ይላል። ስፒከሮቹ ባለ 4 ኦም ናቸው። ይገናኙ ወይስ አይገናኙ? ሁለት ጸሐፊዎች እንዲህ ተከራከሩ።

አይቻልም ባይ፦ ቁጥሩ ለጌጥ አልተጻፈም። ኦም ማለት ስፒከሩ ኤሌክትሪክን «እምቢ» የሚልበት መጠን ነው በሉት። እምቢታው በግማሽ ሲቀንስ የሚያልፈው ከረንት እጥፍ ይሆናል። አምፑ 20 ቮልት ቢያወጣ፣ 8 ኦም ላይ 2.5 አምፔር ያልፋል፤ 4 ኦም ላይ 5 አምፔር። ዋቱም ከ50 ወደ 100 ይዘላል። ሰው ይህን አይቶ «ጉልበት ጨመረልኝ» ብሎ ይደሰታል። ትራንዚስተሮቹ (ከረንቱን ወደ ስፒከሩ የሚያሳልፉት የአምፑ ክፍሎች) ግን ያንኑ ያህል እየጋሉ ነው። መጀመሪያ ክዳኑ እጅ ያቃጥላል። ቀጥሎ ድምፁ ድንገት ጥፍት ይላል፤ ሲበርድ ይመለሳል። ይህ መከላከያ ላለው አምፕ ነው። ከሌለው ትራንዚስተሩ ይቃጠላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚቃጠለው ደግሞ ሾርት ሆኖ፣ ማለትም ከረንቱን ያለ ገደብ እያሳለፈ ነው። ያኔ ዲሲ (እንደ ባትሪ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ ኤሌክትሪክ) በቀጥታ ወደ ስፒከሩ ይገባና ኮይሉን፣ በውስጡ የተጠመጠመውን ሽቦ፣ ያነደዋል። አምፑም ሄደ፣ ስፒከሩም ሄደ።

ይቻላል ባይ፦ ወንድሜ፣ ስሌትህ ልክ ነው። ግን የስፒከር ኦም አንድ ቦታ አይቆምም። ባለ 8 የተባለው ስፒከር ባሱ አካባቢ ከ30 በላይ ሊወጣ ይችላል፤ ድምፁ ትንሽ ቀጠን ሲል ደግሞ ወደ 6 ይወርዳል። የተጻፈው ቁጥር መጠሪያው ነው። ደግሞስ 20 ቮልት መቼ ነው የሚወጣው? ሳሎን ቁጭ ብለን እያወራን ሙዚቃ ስንከፍት 2 ቮልት እንኳ አይሞላም። 2 ቮልት 4 ኦም ላይ ግማሽ አምፔር ነው፣ 1 ዋት። ይህ የትኛውን አምፕ ያስጨንቃል?

አይቻልም ባይ፦ እንግዳ የመጣ ቀንስ? ልጆች ቮልዩሙን ያዞሩት ቀንስ? ሌላም አለ። ብዙ አምፕ ኤ እና ቢ የሚል ሁለት የስፒከር መውጫ አለው። ሁለቱ አብረው ሲከፈቱ አብዛኛውን ጊዜ ፓራለል ይሆናሉ፤ ማለትም ጎን ለጎን ይገናኙና ከረንቱ በሁለቱም መንገድ ያልፋል። ሁለት ባለ 8 አንድ ላይ 4 ኦም ናቸው። ሁለት ባለ 4 ከሆኑ 2 ኦም! ሰውየው የነካው አንድ ቁልፍ ብቻ ነው።

ይቻላል ባይ፦ እሱንስ እኔም አልደፍረውም። የቱቦ አምፕ (በትራንዚስተር ፈንታ የመስታወት ቱቦ ያለው) ላይም ከአንተ ጋር ነኝ፤ 4፣ 8፣ 16 የሚል መውጫ ካለው ስፒከሩ በሚለው ላይ ይሰካ። እኔ የምለው አንድ ጥንድ ባለ 4፣ በልኩ ድምፅ፣ አየር በሚያገኝ መደርደሪያ ላይ ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ እጅህን ክዳኑ ላይ አድርግ። ማቆየት ካቃተህ አጥፋው።

አይቻልም ባይ፦ እጅህ የሚያውቀው ክዳኑን ነው። ባሱ ድም ሲል ከረንቱ የሚዘለው በሰከንድ ሽራፊ ነው፤ ሙቀቱ ክዳኑ ጋ እስኪደርስ ትራንዚስተሩ አልቆለታል። እኔ ባለ 4ቱን ካርቶናቸው ውስጥ አቆያቸዋለሁ፣ «4 ኦም ይችላል» የሚል አምፕ እስካገኝ።