ጎፈሩ ከብርድ ብቻ አይደለም
«ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ያሉት ያው ተራ አንበሶች ናቸው፣ ሰፊና ተፈጥሯዊ ግቢ ማየት የፈለገ ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለው አንድነት ፓርክ ይሂድ» የሚለው አስተያየት ግማሹ ልክ ነው፣ ግማሹ ግን አይደለም። ስለ ግቢው አልከራከርም፤ አንበሳ ግቢን እኛ የምናውቀው በሲሚንቶና በፍርግርግ ነው፤ አንበሳው ጥቂት እርምጃ ሄዶ ይዞራል፣ መልሶ ይዞራል፣ አንጀት ይበላል። አንበሶቹን ግን ተራ ማለት ከየት መጣ? ግቢውን አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1948 እ.ኤ.አ. ካቋቋሙት ወዲህ እዚያው ሲዋለዱ የኖሩ ናቸው፤ በ2012 እ.ኤ.አ. ደግሞ የእንግሊዝና የጀርመን ተመራማሪዎች የ15ቱን ዲኤንኤ መርምረው በዘራቸው ከሌሎች አንበሶች የተለዩ መሆናቸውን ጽፈዋል። «ጎፈሩ የበዛው በአዲስ አበባ ብርድ ነው» ላልከው ወንድሜ፣ ብርድ ጎፈር ያበዛል፣ እውነትህን ነው፤ ዲኤንኤን ግን ብርድ አይቀይረውም። ያ ጠቆር ያለ ጎፈር ደረት አልፎ ሆድ ድረስ ሲወርድ ቀረብ ብለህ አይተኸዋል? አንድነት ፓርክ ገብታችሁ «ከፍለን የተኛ አንበሳ አየን» የምትሉትም (የኔ ባለቤት አንዷ ናት) አንበሳ እኮ በቀን እስከ 20 ሰዓት ያርፋል! ቦታው ሲሰፋለት ደግሞ ጥላ ፈልጎ ጋደም ይላል እንጂ እኛን ለማስደሰት አይቆምም። ልጆች ይዛችሁ በቀትር ከምትሄዱ በጠዋት፣ ፀሐይ ሳትከር ግቡ።