ለማርሽ ባንድ ሙዚቀኛ ከንፈርና ጆሮ የሚያስብ ማን ነው?

«ማርሽ ባንድ (በሰልፍ እየተራመደ የሚጫወት ባንድ) የበዓል ማድመቂያ ነው» ሲባል ይሰማል። ጥላሁን ገሠሠንና ማሕሙድ አሕመድን ያፈራው የክብር ዘበኛ (የንጉሡ ጠባቂ ጦር) ባንድ፣ ሳክስፎን ነፊው ጌታቸው መኩሪያ የተጫወተበትም የፖሊስ ኦርኬስትራ መሆኑ እየታወቀ፣ ይህ አባባል ያሳዝናል። በ1924 እ.ኤ.አ. ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆችም የገቡት እንደ ባለሙያ ሙዚቀኛ ነበር። ባለሙያ ደግሞ መሥሪያው እንዲጠበቅለት ይፈልጋል፤ የሙዚቀኛ መሥሪያው ከንፈሩና ጆሮው ነው።

ትራምፔት ነፊውን እንይ። ጠዋት በአዲስ አበባ ብርድ ናሱ ሲቀዘቅዝ ቅኝቱ ይወርዳል፤ ፀሐይ ስትበረታ ይወጣል። ሞቃት ክፍል ውስጥ ተቃኝቶ ወደ አደባባይ የወጣ ባንድ ገና በመጀመሪያው ማርሽ ቅኝቱ የሚዛባው ለዚህ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ሰልፉ ከመጀመሩ 20 ደቂቃ በፊት ውጭ ወጥቶ መቃኘት፣ በየእረፍቱም ድምፅ ሳያሰሙ በቱቦው ውስጥ ሞቅ ያለ ትንፋሽ መንፋት። የእንጨት ክላርኔት ግን በብርድ ላይ ትኩስ ትንፋሽ በድንገት ሲገባበት ሊሰነጠቅ ይችላል። ለውጭ ሰልፍ የፕላስቲኩ ይሻላል።

ከዚያ እግሩ ይመጣል። ጫማው መሬት በመታ ቁጥር ማውዝፒሱ (ከንፈር የሚያርፍበት የመሣሪያው አፍ) ከንፈሩን ከጥርሱ ጋር ያጋጨዋል። ነፊው ሲደክመው ይበልጥ ይጫናል፤ ደም መዘዋወሩ ይቀንሳል፣ ከንፈሩ ያብጣል፣ ከፍተኛዎቹ ኖታዎች እምቢ ይላሉ። ተረከዝን ቀድሞ፣ ጉልበትን ላላ አድርጎ መራመድ ግጭቱን ያበርደዋል። ዋናው ግን ለአንደኛው ትራምፔት (ከፍተኛዎቹን ኖታዎች ለሚይዘው) ሁለት ሰው መድቦ ማፈራረቅ ነው። ይህን ሙዚቀኛው ብቻውን አይወስነውም፤ አዛዡ ነው የሚወስነው። ለረጅም ሰዓት በሚቆምበት ሥነ ሥርዓትም ጉልበቱን ቀጥ አድርጎ የቆለፈ ሰው ደም ወደ እግሩ ወርዶበት ራሱን ስቶ ሊወድቅ ይችላል።

ቫልቭም (ኖታ ለመቀየር በጣት የሚጫኑት) አለ፦ አቧራ የገባበት ቫልቭ ተጭነውት አይመለስም፣ ስለዚህ ከሰልፍ በኋላ መጥረግና ዘይት መጨመር ግድ ነው።

ጆሮው ግን ከተጎዳ አይመለስም። 85 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) በቀን እስከ 8 ሰዓት ይፈቀዳል፤ 100 ሲደርስ ጊዜው ወደ 15 ደቂቃ ይወርዳል። ከትሮምቦን ፊት ለፊት የተሰለፈ ክላርኔት ነፊ ይህን በአንድ ልምምድ ያልፈዋል። ለሙዚቀኛ የተሠራ የጆሮ መድፈኛ ድምፁን እኩል ስለሚቀንስ ቅኝት አያሳጣም። ኮፍያና ጓንት በደንብ ልብሱ ላይ እንደተቆጠረለት ሁሉ፣ ይህም ሊቆጠርለት ይገባል።