ጊታርና ድምፅ አልበም አይሆንም ያለው ማነው?

ባለፈው ሳምንት ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ አንድ የኤፍኤም የሙዚቃ ፕሮግራም ሰማሁ። እስካሁን አልበረደልኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዲት ወጣት ደወለች። ጊታር ትጫወታለች፤ ግጥሙንም ዜማውንም ራሷ ትሠራለች። የመጀመሪያ አልበሟን በጊታርና በድምፅ ብቻ ማውጣት እንደምትፈልግ ተናግራ ምክር ጠየቀች። የዕለቱ እንግዳ አቀናባሪ ነበር። «እህቴ፣ እሱ ዴሞ፣ የሙከራ ቅጂ ነው እንጂ አልበም አይባልም። ሰው ባዶ ነገር አይሰማም» አላት። አቅራቢዋ ለልጅቷ አዝና መሰለኝ፣ የአሜሪካዊቷን ዘፋኝ የትሬሲ ቻፕማንን የመጀመሪያ አልበም አነሳችለት። «እሱም ተረስቶ የቀረ ሥራ ነው። ሉክ ኮምብስ ነው ከመቃብር ያወጣው» ብሎ ዘጋው። ማንም አልመለሰለትም። ወደ ማስታወቂያ ገቡ።

እንግዲያው እኔ ልመልስ። ከመጨረሻው ልጀምር።

መቼ ነው የተረሳው? አሜሪካዊው የካንትሪ ዘፋኝ ኮምብስ የዚያን አልበም ዘፈን «ፋስት ካር»ን እንደገና ተጫውቶ ያወጣው በ2023 ነው። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።) ከዚያ 12 ዓመት በፊት፣ በ2011፣ አንድ የብሪታኒያ የተሰጥኦ ውድድር ላይ ተወዳዳሪ ዘፈነው። በዚያ ሰበብ ብቻ የትሬሲ የራሷ ቅጂ እንግሊዝ ውስጥ ተመልሶ 4ኛ ደረጃ ላይ ወጣ። በ2016 ጆናስ ብሉ በዳንስ ምት ሠርቶት እዚያው እንግሊዝ 2ኛ ሆነ። ከዚሁ አልበም «ቤቢ ካን አይ ሆልድ ዩ»ን ቦይዞኖች በ1997 ዘፍነው እነሱም 2ኛ ደርሰዋል። ኒኪ ሚናዥ ደግሞ ይህንኑ ዘፈን ያለ ፈቃድ ተጠቅማለች ተብላ ተከሰሰች። ጉዳዩ በ2021 የተዘጋው በ450,000 ዶላር ነው። ሰው ለተረሳ ዜማ ይህን ያህል ገንዘብ አይከፍልም።

ኮምብስ ራሱስ ምን አለ? ልጅ ሳለ አባቱ መኪና ውስጥ በካሴት እያሰማው እንዳደገ ተናግሯል። ይታያችሁ። ዘፈኑን ከመቃብር አወጣው የተባለው ሰው ያደገው በዚያው ዘፈን ነው!

ኮምብስን አላጣጥልም። ዘፈኑን ሳያበላሽ ነው የተጫወተው። ቢልቦርድ በሚባለው የአሜሪካ የዘፈኖች ደረጃ ላይ የትሬሲ 6ኛ ነበር፣ የእሱ 2ኛ ደርሷል። ይሄን አልክድም። ግን በፌብሯሪ 2024 ሁለቱ ግራሚ መድረክ ላይ አብረው ሲቆሙ መጀመሪያ የተሰማው የማን ጊታር ነበር? የእሷ። አዳራሹ በጩኸት የተናወጠው ገና አንድ ቃል ሳትዘፍን ነው። ከዚያ በኋላ ሰው ተሽቀዳድሞ ገዝቶ አይቱንስ ላይ አንደኛ ያደረገውም የ1988ቱን፣ የእሷኑ ቅጂ ነው።

አሁን ወደ «ባዶ ነገር» ልምጣ። ያንገበገበኝ ይህ ቃል ነው።

ጁን 11 ቀን 1988፣ ለንደን፣ ዌምብሌይ ስታዲየም። ማንዴላ ገና እስር ቤት ነው፤ 70ኛ ልደቱ እየተከበረ ነው። ስታዲየሙ ውስጥ ከ70,000 በላይ ሰው አለ። ዝግጅቱ ከ60 በላይ አገሮች ይተላለፋል። ትሬሲ ቻፕማን 24 ዓመቷ ነው። አልበሟ ከወጣ ገና ሁለት ወሩ። ቀን ላይ ጥቂት ዘፈኖች ተጫውታ ድርሻዋን ጨርሳለች። ማታ ተራው የስቲቪ ዎንደር ነው። ሊወጣ ሲል ሲንክላቪየር የሚባለው የኤሌክትሮኒክ ኪቦርዱ ዲስክ ጠፋ። ሙዚቃው ያለው እዚያ ዲስክ ላይ ነው። እሱ ከሌለ ምንም የለም። ስቲቪ እያለቀሰ ተመለሰ።

አሁን ማን ይውጣ? ከበሮ ለማቆም ጊዜ የለም። ገመድ ለመዘርጋት ጊዜ የለም። ያንን ሁሉ ሕዝብና ያንን ሁሉ ካሜራ ዝም ብሎ ማስጠበቅ አይቻልም። እዚያ ከነበረው ሙዚቀኛ ሁሉ እሷን ጠሯት። ለምን? ምንም ስለማያስፈልጋት! ጊታሯን አንግታ ወጣች። ማይክ ፊት ቆመች። «ፋስት ካር»ን ጀመረች። ቪዲዮው አለ፤ ያላያችሁ እዩት። ከኋላዋ ባንድ የለም፣ ተወዛዋዥ የለም፣ ጭስ የለም። አንዲት ልጅና ስድስት ክር ናቸው። በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ አልበሙ አሜሪካ ውስጥ ቁጥር አንድ ሆነ። በቀጣዩ ዓመት ሦስት ግራሚ ወሰደች። በዓለም ዙሪያ ከ20 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል።

ስቲቪ ዎንደር የሙዚቃ አባት ነው። በዚያው ምሽት ተመልሶ መጥቶ ተጫውቷል፤ ጥፋቱም የእሱ አልነበረም። ግን ማሽኑ እሱን የሚያህል ሰው ከዳው፤ እንጨቱ ግን ልጅቷን አልከዳትም። ይህንን ሰምቶ ጊታርን «ባዶ» የሚል አቀናባሪ ምን ዓይነት ጆሮ ነው ያለው? መብራት ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋ ዘፈን እኔ ዘፈን አልለውም። አዲስ አበባ እየኖርን ይሄ ሊነገረን አይገባም ነበር።

ደግሞስ ይህ ወሬ ከየት አገር መጣ? እኛ አይደለን እንዴ በገና ያለን? አስር አውታርና አንድ ድምፅ። ዓለሙ አጋ ሲደረድር ኪቦርድ የጎደለው የመሰለው ሰው አለ? ካሳ ተሰማ ክራሩን ይዞ ሲቀመጥ ማን «ዴሞ ነው» አለው? አስናቀች ወርቁስ? ፓሪስ የታተመው «ኢትዮጲክስ» ተከታታይ 11ኛውን ለዓለሙ በገና፣ 16ኛውን ለአስናቀች ክራር ሰጥቷል። ሙሉ አልበም! አዝማሪው በአንዲት የጭራ አውታር ቤት ሙሉ ሰው ሲያስቅና ሲያስለቅስ ኖሯል። ታዲያ ክራር ሲሆን ቅርስ፣ ጊታር ሲሆን ባዶ የሚሆነው በምን ሒሳብ ነው?

እርግጥ የትሬሲ አልበም ከጊታር በቀር ምንም የለበትም ማለቴ አይደለም። ቤዝ አለ፣ ከበሮ አለ። ግን ፕሮዲዩሰሩ ዴቪድ ከርሸንባውም ሁሉንም የሠራው በእሷ ድምፅና ጊታር ዙሪያ ነው። «ፋስት ካር» ላይ ከበሮው እስኪገባ የዘፈኑን ልጅ ታሪክ ሰምተን ጨርሰነዋል ማለት ይቻላል። አባቷ ጠጪ ነው፤ እናቷ ጥላቸው ሄዳለች፤ ልጅቷ ትምህርቷን አቋርጣ ሱቅ ትሠራለች። እንዲህ ዓይነት ልጅ የማያውቅ ሰፈር አለ? ይህ ታሪክ እንዲሰማ ከተፈለገ ሌላው ዝም ማለት አለበት። ዝም የሚያሰኝ አቀናባሪ ነው ባለሙያ የሚባለው።

የእኛ ስቱዲዮዎች ይሄን አያውቁም። ከሁለት ዓመት በፊት የእህቴ ልጅ ሳሎናችን ውስጥ በጊታር የሠራችውን አንድ ዘፈን ይዛ ስቱዲዮ ሄደች። ቤት ስትዘፍነው እናቴ ዕንባዋ መጥቶ ነበር። ከስቱዲዮ ሲመለስ ኪቦርድ ተጭኖበት፣ ሳክስፎን ተጭኖበት፣ ድምፅዋ ማሽን ውስጥ ገብቶ ወጣ። ጊታሩ የለም። ከፍላ ነው ደግሞ። እናቴ ሰምታ «ይሄ የማን ነው?» አለች። ልጅቷ ከዚያ ወዲህ አልዘፈነችም። አንድ ሰው ሬዲዮ ላይ ተቀምጦ «ባዶ ነገር» ሲል እኔ የማስበው እሷን ነው።

ትሬሲ ታፍትስ ዩኒቨርሲቲ እየተማረች ሃርቫርድ ስኩዌር መንገድ ላይ ቆማ ትጫወት ነበር። እዚያ አጠገቧ ቆሞ «እህቴ፣ ሰው ባዶ ነገር አይሰማም» የሚላት ሰው ብታምን ኖሮ ያ አልበም አይወለድም ነበር። ባለፈው ሳምንት የደወለችው ልጅ ግን ያንን ምክር ሰምታ ነው ስልኩን የዘጋችው። ይሄ ነው የሚያስቆጣኝ። አልበም ሳይወለድ ገደሉት፤ ለዚያውም ሁለት ደቂቃ በማይሞላ መልስ።

ለፕሮግራሙ አዘጋጆች አንድ ጥያቄ አለኝ። በዚያው አልበም አራተኛው ዘፈን «ቢሃይንድ ዘ ዎል» ይባላል። ማታ ማታ ከግድግዳው ወዲያ ባል ሚስቱን ሲደበድብ የምትሰማ ጎረቤት ናት የምትዘፍነው። ፖሊስ ቢጠራም ይዘገያል። በዘፈኑ ውስጥ ከበሮ የለም፣ ቤዝ የለም፣ ጊታር እንኳ የለም። ድምፅዋ ብቻ ነው። እሱም ሁለት ደቂቃ አይሞላም። በሚቀጥለው ሳምንት ያንን እንግዳ መልሳችሁ ጥሩትና አጠገቡ ሆናችሁ አጫውቱት። ልጅቷንም መልሳችሁ ደውሉላት፤ ቁጥሯ እናንተ ጋ አለ።