ሲሲሊን በጋራዥ ጣልያንኛ

ነገሩ የተጀመረው ቡና ላይ ነው። ፍራንክፈርት እንደ ልማዷ ትዘንባለች፣ በረካው እየተቀዳ ነው፣ የባለቤቴ ታናሽ እህት ስልኳን ወደኛ አዙራ አንድ ሰማያዊ ባሕር አሳየችንና «በቃ ዘንድሮ ሲሲሊን በመኪና እንዙራት!» አለች። አራታችንም «ደስ ይላል» አልን። ልብ በሉ፣ «እንሄዳለን» አላልንም። በሐበሻ ቤት በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ከፍራንክፈርት እስከ ጣልያኗ ደሴት እስከ ሲሲሊ ካለው ይረዝማል። እሷ ግን እዚሁ ጀርመን ያደገች ልጅ ናት፤ «ደስ ይላል» ማለት ደስ ይላል ማለት መሰላት። ቤቷ ሳትደርስ የዋትሳፕ ግሩፕ ከፍታ አምስታችንንም አስገባችን።

አምስቱ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ይቺው እህቷ፣ ጋሼና እትዬ ነን። ጋሼና እትዬ ጎረቤቶቻችን ናቸው። ሥጋ ዘመድ አይደሉም፤ ግን ሰው አገር ላይ ጎረቤት ሲከርም አጎት ይሆናል። እነሱን የጋበዝናቸው በይሉኝታ ነው፤ ቡናው ላይ አብረውን ተቀምጠው እኛ ብቻ እንሂድ አይባልም። እነሱም «እናንተ ወጣቶቹ ሂዱ» ማለት አምሯቸው ነበር (እትዬ በኋላ ለባለቤቴ ነግረዋታል)፣ ግን ተጋብዞ እምቢ ማለትም ነውር ነው። እንዲህ እየተፈራራን ማንም ያልመረጠው የጉዞ ቡድን ተመሠረተ።

መጀመሪያ የተጣላነው በወቅቱ ስም ነው። ልጅቷ ጉዞው «ሄርብስት» ላይ ይሁን ብላ ጻፈች፤ ጀርመኖች ቅጠል የሚረግፍበትን ወቅት የሚጠሩበት ስም ነው። ጋሼ ደግሞ ግሩፑ ውስጥ አማርኛ ብቻ እንዲጻፍ ያዘዙ ሰው ናቸው። «በልግ በይ» አሏት። ባለቤቴ ገባችበት፤ «በልግማ የካቲት መጋቢት ነው፤ ይሄ መጸው ነው የሚባለው።» ጋሼ መለሱ፤ «መጸው አበባ የሚያብብበት ጊዜ ነው፤ ቅጠል እየረገፈ ምን መጸው አለ?» በዚህ ሁለት ቀን ሄደ።

የሚገርመው፣ ለሲሲሊ ከሆነ ባለቤቴ ሳታውቀው ልክ ነበረች። ደሴቷን ከሰኔ እስከ ነሐሴ ፀሐይ ሲጠብሳት ይከርምና ሳሩ ሁሉ ገለባ ይሆናል። ዝናቡ የሚመለሰው ወደ ጥቅምት ገደማ ነው፤ ያኔ መሬቱ እንደገና አረንጓዴ ይለብሳል። ባሕሩ ደግሞ የጠገበውን ሙቀት ቶሎ አይለቅም፣ ኦክቶበር ላይም ከ20 ዲግሪ በላይ ነው። ቱሪስቱ ወደ ሥራው ስለተመለሰ ሆቴሉም ይረክሳል። ይህን ሁሉ ግሩፑ ላይ ጻፍኩ። ጋሼ የአውራ ጣት ምልክት ልከው «ቢሆንም በልግ ነው» አሉ።

ከዚያ ቀን ተቆረጠ። ልጅቷ የጋሼን ትእዛዝ አክብራ «ከጥቅምት 5 ጀምሮ ለ8 ቀን» ብላ ጻፈች። ኦክቶበር 5 ማለቷ ነበር፤ ኦክቶበር በአማርኛ ጥቅምት እንደሆነ ስልኳ ነግሯታል። እትዬ ግን ወጥ ቤታቸው የተሰቀለውን የቤተ ክርስቲያን ካላንደር አዩ። እዚያ ጥቅምት 5 ማለት ኦክቶበር 15 ነው። በዚያው ከአለቃቸው ፈቃድ ጠየቁ፣ ተፈረመላቸው። ጀርመን ውስጥ ደግሞ አንዴ የተፈረመ ፈቃድ አይነካም። ስለዚህ ገና ያልተፈረመው የሦስታችን ፈቃድ ተቀየረ። በነገራችን ላይ አማርኛ ብቻ ይጻፍ ያሉት ጋሼ በዚህ ጉዳይ አንድ ቃል አልተነፈሱም።

ልጅቷ ሰንጠረዥ ሠራች፣ እውነቱን ለመናገር የሚያምር ሰንጠረዥ። ከካታኒያ ተነስተን ወደ ሲራኩዛ፣ በ1693 የመሬት መንቀጥቀጥ ፈርሳ እንደ አዲስ ወደተሠራችው ኖቶ፣ ቸኮሌቷ ውስጥ ስኳሩ ሳይሟሟ ጥርስ ስር ኮሽ ወደሚልባት ሞዲካ፣ ከ2,400 ዓመት በላይ የቆመ የግሪክ ቤተ መቅደስ ወዳለባት አግሪጄንቶ፣ ከዚያ ትራፓኒ፣ ፓሌርሞ፣ ቼፋሉ፣ ታኦርሚና፣ ተመልሶ ካታኒያ። ዙሪያው ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ሁላችንም ግሩፑ ላይ «በጣም ጥሩ ነው፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ» አልናት። ከዚያ እያንዳንዳችን ለየብቻ እየደወልን ከተማ እናስቀንስ ጀመር። ባለቤቴ ለቸኮሌት ተብሎ ከተማ አይኬድም አለች። ጋሼ ፍርስራሽ ለማየት ከፍሎ መግባት ፈጽሞ አይገባቸውም። እኔ ታኦርሚና ውድ ነው አልኩ፤ ውድ መሆኑን ብቻ ነው የማውቀው፣ ግን በቂ ነው።

በነገራችን ላይ ጋሼ የካታኒያን አደባባይ ፎቶ ሲያዩ ደነገጡ። ከጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተቀረጸ ዝሆን አለ፣ ጀርባው ላይ ሐውልት ተሸክሟል። «ይሄ ደግሞ መቼ ተወሰደ?» አሉ። የአክሱም ሐውልት ከሮም በ2005 ከተመለሰ ወዲህ ጋሼ ጣልያን አገር ቆሞ የሚያዩትን ሹል ድንጋይ ሁሉ ይጠረጥራሉ። ይሄኛው የግብፅ ነው ብዬ አስረዳኋቸው። «የግብፅ ከሆነ ይቆያቸው» ብለው ተዉት።

እሳተ ገሞራው ኤትና ከዕቅዱ የተሰረዘው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ከፍታ። «መኪናው እስከ ስንት ሜትር ይወጣል?» አሉ ጋሼ። 1,900 ገደማ አልናቸው። «እንዴ! ከአዲስ አበባ በታች ለመሆን ነው ተራራ የምንወጣው?» ከዚያ በኬብል 2,500 ይደረሳል ስንላቸው «እሱማ ሽሮ ሜዳ ነው» አሉ። ጫፉ ከ3,300 በላይ እንደሆነ ሲሰሙ ትንሽ ዝም ብለው «እንጦጦን በትንሹ ይበልጣል» ብለው አመኑ። ሁለተኛው ምክንያት አማቴ ናቸው። ጁን 2 ቀን 2025 ኤትና ሲፈነዳ ቱሪስቱ ቁልቁል የሚሮጥበት ቪዲዮ አዲስ አበባ ደርሷል። አማቴ እየጮኹ ደወሉ፤ «እሳት ከሚተፋ ተራራ ምን ልትለቅሙ ነው የምትሄዱት?» መልስ አልነበረንም። ከሩቅ እንዲታይ ተወሰነ።

አሁን ወደ መኪናው። እዚህ ላይ ነው አገር የተናወጠው።

ለአምስት ሰው ርካሹ መኪና ፊያት ፓንዳ ሆኖ ተገኘ። አምስት ሰው ይገባል ይላል፤ ሻንጣቸውን ይዘው ይገባሉ ግን አይልም። ጋሼ አዲስ አበባ ላይ ለ12 ዓመት ታክሲ ነድተዋል፤ ሾፌር እሳቸው እንደሆኑ ማንም አልጠየቀም፣ ማንም አልመረጠም፣ በቃ ናቸው። ችግሩ አከራዩ መያዣ የሚይዘው በሾፌሩ ስም ባለ ክሬዲት ካርድ ነው። ጋሼ ዱቤ አይወዱም፣ ክሬዲት ካርድ የላቸውም። እኔ አለኝ። ግን የኔ መንጃ ፈቃድ የአውቶማቲክ ብቻ ነው፤ ጣልያን ውስጥ አውቶማቲክ መኪና እንደ ልብ አይገኝም፣ ሲገኝም ይወደዳል። ጋሼ ይህን ሲሰሙ አዘኑ። በመኪናው ሳይሆን በኔ ነው ያዘኑት። «ማርሽ የሌለው መኪና የሕፃን ጋሪ ነው» አሉ ለባለቤቴ፣ እኔ እዚያው ቁጭ ብዬ።

ስለ መያዣው ዝም ብዬ ላልፍ ነበር፣ አልቻልኩም። እኛ ምግብ ቤት ውስጥ «በእናትህ እኔ ልክፈል» ብለን እጅ ለእጅ የምንያያዝ፣ አስተናጋጅ ፊት የምንላቀስ ሕዝብ ነን። «መያዣውን ማን ይያዝ?» የሚለው መልእክት ግን ግሩፑ ውስጥ ሦስት ቀን ሙሉ ሰማያዊ ምልክት ሆኖ ቆየ። ሁሉም አንብቦታል። አራተኛው ቀን ላይ እትዬ የቅዱስ ሚካኤልን ሥዕል ላኩ።

ልጅቷ ሕጉን ሁሉ አጥንታ መጣች። ነጭ መስመር ላይ መቆም ነፃ ነው፣ ሰማያዊው ይከፈልበታል፣ ቢጫው ለተፈቀደለት ብቻ ነው። ከሁሉ የሚያስፈራው ግን «ዜድ ቲ ኤል» የሚሉት ነው፤ በአሮጌው ከተማ መግቢያ ላይ ካሜራ ተሰቅሏል፣ ፈቃድ ሳይኖርህ ካለፍክ ማንም አያስቆምህም፣ ማንም አይነፋብህም፣ ከወራት በኋላ ቤትህ ደብዳቤ ይመጣል። ከዚያ በፊት ደግሞ አከራዩ አድራሻህን ለፖሊስ ስለሰጠ የአገልግሎት ብሎ ከካርድህ ይቆርጣል። ጋሼ በዚህ ተገረሙ። «ትራፊክ ሳይኖር ቅጣት? ታዲያ ማንን ነው የምንለምነው?»

እንግዲህ ቋንቋ። እኛ ጣልያንኛ አናውቅም። ጋሼ ግን «ጣልያንኛውን ለኔ ተዉት» አሉ። እውነትም ያውቃሉ። ቆጠሩልን፤ ጎማ፣ ቸርኬ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ፍሬቻ፣ ካንዴላ፣ ኩሽኔታ፣ ባሌስትራ፣ ፓራፋንጎ፣ ሳልቫታዮ፣ ፖርቶ መጋላ። ልጅቷ አፏን ከፍታ ቀረች፤ የዚህን ሁሉ አንዱንም በጀርመንኛ አታውቀውም። ጣልያን አምስት ዓመት ቆይቶ በ1933 ዓ.ም. ተባሮ ሲወጣ ቃላቱን ጋራዥ ውስጥ ጥሎልን ሄዷል፤ የተረፈውን ደግሞ ካፌ ውስጥ። የዚህ ቋንቋ ጉድለቱ ሰላምታ የለውም፤ ቻው ብቻ ነው ያለው፣ እሱም ስልክ ለመዝጋት ነው። መንገድ መጠየቅ አንችልም። በዚህ ቋንቋ መታመምም አንችልም፣ መበላሸት ብቻ ነው የምንችለው። ባለቤቴ «ማኪያቶ ማዘዝ እንችላለን» ብላ ልትጽናና ሞከረች። እሱም አያዛልቅም። እዚያ ማኪያቶ ሲሉህ በወተት ጠብታ የቆሸሸች አንዲት ጉንጭ ቡና ናት፤ የፒያሳን ማኪያቶ ጠብቆ የሄደ ሰው ብርጭቆው ስር ሲፈልግ ይውላል።

ቀጥሎ ጾም። ጋሼ «በጥቅምት አንድ አጥንት» እያሉ የበግ ምግብ ቤት ሲፈልጉ፣ እትዬ ጽጌን እንደሚጾሙ አስታወቁ። የፈቃድ ጾም ነው፣ ቢተዉትም ማንም አይጠይቃቸውም፣ ግን እትዬን ተዉት የሚል ሰው እስካሁን አልተወለደም። ደሴት ስለሆነ «ዓሣስ?» ብዬ በቅን ልቦና ጠየቅኩ። ይህን ጥያቄ በሐበሻ ግሩፕ ውስጥ እንዳትጠይቁ። 114 መልእክት ቆጥሬያለሁ፣ ሁለቱ የአንድ ዲያቆን የድምፅ ትምህርት ናቸው፤ ዲያቆኑን ማን እንዳስገባው አይታወቅም።

መፍትሔው ከራሷ ከሲሲሊ መጣ። ፓሌርሞ ውስጥ «ፓኔለ» የሚባል የመንገድ ምግብ አለ፤ የሽምብራ ዱቄት በውኃ ይገነፋል፣ ተዘርግቶ ይቀዘቅዛል፣ ተቆርጦ በዘይት ይጠበሳል። እትዬ ቪዲዮውን ሁለቴ አዩትና «ይሄማ የሽምብራ ዓሣ ነው፣ ቅርጹን ብቻ ነው ያልጨረሱት» አሉ። ከዚያ «ማኩ» የሚሉት የባቄላ ክክ ሾርባ ወጣ፤ እልበት ዘመድ አገኘ። ደብርጃን በቲማቲምና በኮምጣጤ የሚሠራው «ካፖናታ» ወጣ። ለቁርስ ደግሞ ግራኒታ አለ፣ በአልሞንድ የሚሠራ በረዶ፣ ወተት የለውም። አብሮት የሚመጣው ዳቦ ግን ቅቤና እንቁላል አለበት፤ እሱ በውክልና ለጋሼ ተሰጠ። እና በለስ! ሲሲሊዎች በለሱን የመጀመሪያ አበባውን በሰኔ ያረግፉታል፤ ተናዶ ይመስል እንደገና ሲያብብ ፍሬው ትልቅና ጣፋጭ ሆኖ በመጸው ይደርሳል። ልክ እኛ በምንሄድበት ሳምንት። ለመጀመሪያ ጊዜ አምስታችንም ከልባችን ደስ አለን። እዚያው ላይ ትኬቱን ቆረጥን።

ትኬቱ በተቆረጠ በማግስቱ እትዬ «ለካስ ፓሌርሞ የአክስቴ ልጅ አለች» አሉ።

ያኔ ነው ነገሩ ያለቀለት። ዘመድ የሌለበት አገር ይዞራል፤ ዘመድ ያለበት አገር ይጎበኛል፣ ዘመዱን ማለቴ ነው። የአክስት ልጅ ከ30 ዓመት በላይ ፓሌርሞ ውስጥ የሰው ቤት ስትሠራ፣ የጣልያን አሮጊቶች ስትጦር የኖረች ሴት ናት። ስልኩን ላውድ ላይ አደረግነው። «ሆቴል ይዘናል» ስንላት ጸጥ አለች። ከዚያ «ሆቴል? እኔ ሞቼ ነው?» አለች። «ባሕር ከሆነ ያማራችሁ ከኔ ሰገነት ላይ ይታያል፣ ቁጭ ብላችሁ ማየት ነው።» ስምንቱንም ሌሊት እሷ ጋ እንድናድር ተወሰነ። ማን ወሰነ? እኔ እንጃ። ሁላችንም «እንዳናስቸግርሽ» እያልን ሳለ ተወስኖ አገኘነው።

አዲሱ ዕቅድ እንዲህ ሆነ። ካታኒያ እናርፋለን፣ መኪና እንይዛለን፣ ደሴቷን መሃል ለመሃል በሚሰነጥቀው ኤ19 ወደ 200 ኪሎ ሜትር ነድተን ፓሌርሞ እንገባለን። ክፍያ የለበትም፣ ጋሼ ይህን ወደውታል። ከስምንት ቀን በኋላ በዚያው መንገድ እንመለሳለን። የልጅቷ ሰንጠረዥ 14 መስመር ነበረው፣ አሁን ሁለት አለው። ልጅቷ «ደስ ይላል» ብላ ጻፈች። አማርኛው ገብቷታል።

አንዲት ነገር ብቻ ቀረች። የአክስት ልጅ «መንገዳችሁ ስለሆነ» ካታኒያ ካለች ጓደኛዋ ቤት አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድና ሁለት ጆንያ ጤፍ ይዘንላት እንድንመጣ ለመነችን። አምስት ሰው፣ አምስት ሻንጣ፣ ምጣድ፣ ጤፍ፣ ፓንዳ። ሁላችንም ስንጨነቅ ጋሼ ፈገግ አሉ። ቀናቸው ደረሰ። ልጅቷን አጠገባቸው አስቀምጠው ለአከራዩ በጣልያንኛ አስጻፉ፤ «ፖርቶ መጋላ ያለው መኪና እንፈልጋለን።» ጣራ ላይ ዕቃ የሚጫንበትን ማለታቸው ነው። እሷም አጻጻፉን አስተካክላ ላከችው።

መልሱ በአሥር ደቂቃ መጣ። ሁሉም መኪኖቻችን ፖርታባጋሊ አላቸው ይላል፣ ከኋላ ነው፣ በቁልፉ ይከፈታል።

ልጅቷ መዝገበ ቃላት አየች። ጣልያኖቹ ለካ የኋላውን የዕቃ መጫኛም በዚያው ስም ነው የሚጠሩት። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው መልእክቱን እንደገና አስነበቡ፣ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ወደኔ ዞረው «እነዚህ ሰዎች ጣልያንኛ አይችሉም እንዴ?» አሉ።